ባልነዳሁት መኪና ውስጥ ተይዤ በዲዩአይ (ሰክሮ በመንዳት) ተከሰስኩ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጠያቂ፦ የአናንዴሉ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን ግሪን ካርድ ካገኘሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ የዕለት እንጀራዬን የማገኘውም በስልክ መተግበሪያ በሚጠራ መኪና ሰው በማመላለስ ነው። ባለፈው ወር በአንድ ወዳጄ ልጅ ክርስትና ላይ ተገኝቼ፣ ቤት የተጣለ ጠጅ በብርሌ ስንጠጣ አመሸን። ስንት ብርሌ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ እንኳን እኔ ቀጂውም የቆጠረው አይመስለኝም። ከቤቱ ስወጣ መንዳት እንደሌለብኝ ገብቶኝ ስለነበር ለባለቤቴ የአክስት ልጅ ደውዬ መጥቶ እንዲወስደኝ ለመንኩት። ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ስለነበር፣ እሱ እስኪደርስ ድረስ በቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ዳር በቆመው መኪናዬ ውስጥ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለማሞቂያው ስል ሞተሩን አስነስቼ፣ ሬዲዮ እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ መስኮቱን የሚያንኳኳ ፖሊስ ቀሰቀሰኝ።

ፖሊሱ ምን ያህል እንደጠጣሁ ሲጠይቀኝ እንደ ደንቡ በትሕትና «ትንሽ፣ ሁለት ብርጭቆ» አልኩት፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነም ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ቀጥ ባለ መስመር አስኬደኝ፣ በአንድ እግሬ አቆመኝ፣ ብዕር እያንቀሳቀሰ በዐይኔ እንድከተል አደረገኝ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያም አስነፋኝ፤ ሁሉንም ሳላንገራግር ፈጸምኩ። ጣቢያ ተወስጄ በትልቁ ማሽን ስነፋ የአልኮል መጠኔ 0.11 ሆነ። ማጂስትሬት (ስለ እስርና ዋስ የሚወስን የፍርድ ቤት ሹም) ፊት ቀርቤ በፊርማዬ ብቻ ተለቀቅኩ፤ መንጃ ፈቃዴ ለ7 ቀን ተይዞ ተመልሶልኛል። የባለቤቴ የአክስት ልጅ የደረሰው እጄ በካቴና ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ስገባ ስለነበር፣ ወሬው ቤት ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። መኪናው አንዲት ጋት እንኳ ሳይንቀሳቀስ «ሰክሮ በመንዳት» እንዴት ልከሰስ እችላለሁ? መንገድ ላይ ሳለሁ መብቴን ማንም አላነበበልኝም፤ ይህ ክሱን አያፈርሰውም? ዘመዶቼ ደግሞ «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ቅጣቱን ክፈልና ተገላገል» ይሉኛል። በሚቀጥለው ዓመት የዜግነት ማመልከቻ ለማስገባት አስቤ ስለነበር፣ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

መልስ፦ ካሳ ዘሜሪላንድ

ወንድሜ፣ አይዞዎት። መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ዐቃቤ ሕግ የሚያረጋግጠው ነገር የለውም። መብትዎን ካላነበቡልዎም ክሱ በዚያው ይሰረዛል፤ ይህን ለዳኛው በራስዎ አፍ መናገር ይበቃል። ለጠበቃ ሦስትና አራት ሺህ ዶላር የሚያወጡበት ምክንያት አይታየኝም።

መልስ፦ ከጠበቃ ቢሮ

አቶ ካሳ በቅንነት እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ የሰጡት መልስ ጠያቂውን ገደል ሊከት ስለሚችል ሳልውል ሳላድር ማረም ግድ ሆኖብኛል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ በዚሁ አካባቢ የወንጀል ጉዳዮችን በሚከራከር ቢሮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፋይል ሳዘጋጅ የቆየሁ ሰው ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ መንዳት። የቨርጂኒያ ሕግ የሚከለክለው መኪናን ማንቀሳቀስን ብቻ ሳይሆን፣ በስካር ላይ ሆኖ መኪናን በእጅ አድርጎ መቆጣጠርንም ጭምር ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ የሰከረ ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሾፌሩ ወንበር ላይ ከተቀመጠና ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ከገባ፣ የመንዳት ሐሳብ ይኑረው አይኑረው፣ መኪናውን እንደተቆጣጠረ ይቆጠራል ብሏል። በ2014 ደግሞ በገዛ ቤቱ የመኪና መግቢያ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ እንቅልፍ የወሰደው ሰው የተፈረደበት ቅጣት ጸንቶበታል። እርስዎ ሞተሩን ያስነሱት ለማሞቂያ ብቻ መሆኑ ከሰው ልቡና አንጻር ትልቅ ነገር ነው፤ ከሕጉ አንጻር ግን በራሱ ነፃ አያወጣዎትም። በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጠው፣ ቁልፉም ከማስነሻው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። መንዳት እንደሌለበት አውቆ ሰው የጠራ ሰው ከነዳው ሰው እኩል መጠየቁ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ዳኞችም ቅጣት ሲመዝኑ ይህን ከግምት ሲያስገቡ አይቻለሁ። ስለዚህ ለዘመድዎ የደወሉበትን የስልክ መዝገብ ከአሁኑ አውጥተው ያስቀምጡ።

ስለ መብት ንባብ። በፊልም የምናየው «ዝም የማለት መብት አለዎት» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው አንድ ሰው በቁጥጥር ሥር ከዋለ በኋላ ለምርመራ ሲጠየቅ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እንደወሰነው፣ መንገድ ዳር ለአጭር ጊዜ ቆሞ የሚደረግ ጥያቄና መልስ እንደ እስር አይቆጠርም። ስለዚህ «ሁለት ብርጭቆ» ያሉት ቃል፣ ምንም ሳይነበብልዎት የተናገሩት ቢሆንም፣ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ሳይሰጥ ከታሰሩ በኋላ የተጠየቁት ነገር ካለ፣ ያ ቃል ከማስረጃ ሊወጣ ይችላል፤ ያም ሆኖ የሚወጣው ቃሉ ነው እንጂ ክሱ አይደለም። ስምን፣ መንጃ ፈቃድንና የመኪና ምዝገባን ከማሳየት ያለፈውን ጥያቄ ያለመመለስ መብት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንሥቶ እንደነበረዎት ግን ልብ ይበሉ። በእኛ ዘንድ ለተጠየቁት ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ይህን መብት የሚጠቀምበት የአገራችን ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ስለ ትንፋሽ ምርመራ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። መንገድ ዳር የተነፉትን ትንሿን መሣሪያ በቨርጂኒያ ሕግ ያለ ቅጣት እምቢ ማለት ይቻላል፤ ውጤቷም ፖሊሱ ለማሰር ምክንያት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን ለመመርመር እንጂ ጥፋተኝነትን ለማስረዳት አይቀርብም። በመስመር መራመዱንና በአንድ እግር መቆሙንም ሕግ አያስገድድም፤ ሆኖም እምቢ ማለትዎ በችሎት ሊጠቀስ ይችላል። ጣቢያ ያለው ማሽን ግን የተለየ ነው። በቨርጂኒያ መንገዶች የሚነዳ ሰው ሁሉ በሕግ ከታሰረ በኋላ ለዚህ ምርመራ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት፣ በዋናው ክስ ነፃ ቢወጡ እንኳ፣ መንጃ ፈቃድን ለ12 ወር ያሳጣል። «ጠበቃዬ እስኪመጣ ልጠብቅ» ማለትም እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ስለዚህ መንፋትዎ ስሕተት አልነበረም። ጠበቃ የሚመረምረው ሌላ ነገር ነው፦ ፖሊሱ መጀመሪያ መስኮቱን ያንኳኳበትንና በኋላም ያሰረበትን ምክንያት፣ ማሽኑ በደንቡ መሠረት መፈተሹን፣ በፖሊሱ ደረት ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸው ከጻፈው ጋር መስማማቱን ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ዲዩአይ በቨርጂኒያ ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ ደረጃ) ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል፤ ከመቀጮው 250 ዶላሩ የማይቀነስ ዝቅተኛ መጠን ነው። መንጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይሰረዛል። የትንፋሹ ውጤት ከ0.15 እስከ 0.20 ቢሆን ኖሮ ቢያንስ 5 ቀን፣ ከ0.20 ቢያልፍ ደግሞ 10 ቀን የግዴታ እስራት ይኖር ነበር፤ የእርስዎ 0.11 ከዚህ በታች መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳዩ የሚታየው በጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት በዳኛ ብቻ ነው። ውሳኔው ካላረካዎት በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ እዚያ ነገሩ እንደ አዲስ ከሥሩ ይታያል፣ ከፈለጉም በዳኝነት የሚቀመጡ ሰባት ተራ ዜጎች (ጁሪ) ይሰሙታል። አሥሩ ቀን ቅዳሜና እሑድን እየዘለለ የሚቆጠር ስላልሆነ እንዳያዘናጋዎት። ጠበቃ ለመቅጠር ገቢዎ ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤቱ ገቢዎን መርምሮ ጠበቃ እንዲመድብልዎት በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠይቁ፤ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይቀርብልዎታል።

መልስ፦ የቀመሰው ያውቃል

ከላይ የተጻፈውን እያነበብኩ የራሴን ጊዜ አስታወስኩ። እኔ ከስምንት ዓመት በፊት በዚህችው ግዛት ተይዤ፣ ዘመድ እንደሚመክርዎት «ጥፋተኛ ነኝ» ብዬ በአንድ ጠዋት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ዳኛው የወሰነብኝ መቀጮ 250 ዶላር፣ እስራቱም ሙሉ በሙሉ የታገደልኝ ስለነበር፣ ከችሎት የወጣሁት ቅናሽ ዕቃ እንደገዛ ሰው ደስ ብሎኝ ነበር። የደስታዬ ዕድሜ ግን እስከ ሰኞ ድረስ ብቻ ሆነ።

መንጃ ፈቃዴ ስለተሰረዘ ፍርድ ቤቱ ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያገለግል የተገደበ ፈቃድ ሰጠኝ፤ በወረቀቱ ላይ የሥራ ሰዓቴና አድራሻዬ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። መኪናዬ ላይ ኢንተርሎክ የሚባለው መሣሪያ ተገጠመ፤ ካልነፉበት መኪናው አይነሣም፣ እየነዱም ሳለ ድንገት ድጋሚ ንፋ ይላል። ቢያንስ ለ6 ወር ግዴታ ነው፤ የሚገጠምበትንም በየወሩ የሚፈተሽበትንም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። አንድ ጊዜ ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስል፣ በር ላይ ቆመው ወደሚጠብቁን ወላጆች እያየሁ ያን ቱቦ ስነፋ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝም። በዚያ ላይ ቫሳፕ በሚባለው የአልኮል ትምህርት ፕሮግራም መመዝገብና እስከ መጨረሻው መከታተል ያስፈልጋል፤ አንድ ክፍል ቢቀሩ ጉዳዩ ወደ ዳኛው ይመለሳል፣ ታግዶ የነበረው እስራትም ከእንቅልፉ ይነቃል።

ኢንሹራንሱን ልጨምርበት። በቨርጂኒያ በዲዩአይ የተፈረደበት ሰው ኤፍአር-44 የሚባል ማረጋገጫ እንዲያቀርብ ይገደዳል፤ ይህም ከተራው ሾፌር ዝቅተኛ ሽፋን እጥፍ መግዛት ማለት ነው። የእኔ ክፍያ ከእጥፍም በላይ ስለሆነ ለሦስት ዓመት ያህል መኪናውን የያዝኩት እኔ ሳልሆን ኢንሹራንሱ ይመስለኝ ነበር። ፍርዱ በዲኤምቪ (በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) መዝገብ ላይ ለ11 ዓመት ይቆያል። እርስዎ ሰው በማመላለስ የሚተዳደሩ ስለሆነ ይህን በደንብ ያስቡበት፤ ኩባንያዎቹ የመንጃ መዝገብን በየጊዜው ይፈትሻሉ፣ የተገደበ ፈቃድና ኢንተርሎክ ይዞ ደግሞ ተሳፋሪ መጫን አይታሰብም። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ያላቸው ወንድሞችም፣ በራሳቸው የቤት መኪና ቢያዙም እንኳ፣ የሥራ ፈቃዳቸው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።

ማንም ያልነገረኝ ደግሞ ይህ ነው። ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ስትዳር ድንበሩ ላይ መለሱኝ። ካናዳ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ሰክሮ መንዳትን እስከ 10 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል መድባዋለች፤ ስለዚህ እዚህ ቀላል የሚባለው ጥፋት እዚያ ከባድ ወንጀል ሆኖ ይቆጠራል። ሠርጉን በስልክ አየሁት።

መልስ፦ ከጠበቃ ቢሮ

ወንድማችን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንድ ጊዜ ማስረጃው ሲላላ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ወደ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ሊለውጠው ይስማማል። እሱም ክላስ 1 ሚስዲሚነር ነው፤ ነገር ግን ኢንተርሎክና ኤፍአር-44ን በግዴታ አያስከትልም። ይህ የሚገኘው በድርድር ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ጠዋት «ጥፋተኛ ነኝ» ላለ ሰው በሩ ተዘግቷል።

መልስ፦ ግሪን ካርድና ዜግነት

የዜግነቱን ጥያቄ ማንም ስላላነሣው እኔ ልሞክር፤ የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን በሚያዘጋጅ ሕጋዊ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ።

አንድ ተራ ዲዩአይ፣ ሰው ካልተጎዳበት፣ ሕፃን በመኪናው ውስጥ ካልነበረና ከሌላ ወንጀል ጋር ካልተያያዘ፣ በራሱ ግሪን ካርድ የሚያስነጥቅ አይደለም። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2001 ተራ ዲዩአይ ከአገር ሊያስወጡ ከሚችሉት ነውረኛ ወንጀሎች ተርታ እንደማይገባ ወስኗል፤ ቀደም ሲል በ1999 በሰጠው ውሳኔ ግን መንጃ ፈቃዱ መታገዱን እያወቀ ሰክሮ የነዳን ሰው ለይቶ አይቶታል። ስለዚህ ፈቃድዎ በታገደበት ጊዜ ለአንድ ብሎክም ቢሆን መሪ እንዳይጨብጡ። ዜግነትን በተመለከተ ሕጉ ከማመልከቻው በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት፣ በአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛ በኩል ለሚያመለክት ደግሞ ሦስት ዓመታትን፣ በመልካም ጠባይ ማሳለፍን ይጠይቃል። ከ2019 ጀምሮ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ የዲዩአይ ፍርድ ያለበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል፤ ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፣ ግን አቀበት ነው። አንድ ፍርድ ብቻ ያለበት ሰው ይህ ግምት አይወድቅበትም፤ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ግን ይጠይቀዋል። በፕሮቤሽን (በፍርድ ቤት የክትትል ገደብ) ላይ ያለ ሰው ማመልከቻው ሊጸድቅለት ስለማይችል፣ ፍርዱ ከመጣ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድዎን ሊያገፋው ይችላል። በማመልከቻው ላይ ደግሞ ጥያቄው «ተፈርዶብዎታልን» ብቻ ሳይሆን «ታስረው ያውቃሉን» ጭምር ነው፤ ክሱ ቢሰረዝም እንኳ መጻፍ አለበት። ሰዎች በጥፋቱ ሳይሆን በመደበቃቸው ሲከለከሉ ማየት የዚህ ሥራ መራራው ክፍል ነው።

በኢሚግሬሽን ሕግ «ፍርድ» የሚለው ቃል ከፍርድ ቤቱ ትርጉም የሰፋ ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብለው ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለ፣ በኋላ ቢሰረዝልዎትም እንደ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል፤ የታገደ እስራትም ሙሉ እንደተፈረደ ነው የሚቆጠረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንዳጸናው፣ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ጥፋተኝነቱን ማመኑ ከአገር የሚያስወጣው መሆን አለመሆኑን የመንገር ግዴታ አለበት። ስለዚህ ዜጋ አለመሆንዎን ለጠበቃዎ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። ፎርም በመሙላት የሚታወቁ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ምንም ያህል ጨዋ ቢሆኑ በዚህ ነገር ላይ አይተማመኑባቸው።

ለሌሎች አንባቢዎች ሁለት ነገር ልበል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ገና ሳይፈረድበት፣ በመታሰሩ ብቻ፣ ቪዛው ሊሰረዝበት ይችላል። ፖሊስ ሲጠይቅ ደግሞ «መጠጥ አልጠጣሁም፣ ጫት ነው የቃምኩት» የሚል ሰው ራሱን ከድጡ ወደ ማጡ እንደሚከት ይወቅ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩ ከአልኮል ወጥቶ ወደ ዕፅ ይሄዳል፤ ለኢሚግሬሽን ያ እጅግ የከፋው መንገድ ነው።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

በፍርድ ቤት በማስተርጎም የምተዳደር ስለሆነ ስለ ሕጉ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ፤ ነገር ግን ከጠያቂው ጽሑፍ አንዲት ዐረፍተ ነገር አላስተኛችኝም። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነም ሲጠይቀኝ ነገርኩት» ብለዋል። የነገሩት በምን አቆጣጠር ነው? በእንግሊዝኛ መልሰው ከሆነ ደግሞ የትኛውን ቁጥር ተናገሩ? ፖሊሱ ለማጂስትሬቱ የጻፈው አቤቱታ ግልባጭ እጅዎ ላይ ካለ፣ እባክዎ ሰዓቱን ይመልከቱልኝ።

ጠያቂ፦ የአናንዴሉ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከአንድ ጠበቃ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ዜጋ አለመሆኔንም በስልክ ገና ሳልጠየቅ ነግሬያቸዋለሁ።

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ወረቀቱን ፈልጌ አወጣሁት። ክርስትናው ላይ የደረስኩት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር፤ የመጀመሪያዋን ብርሌም የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። ለፖሊሱ «ስሪ» አልኩት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከቀትር በኋላ ከ3 ሰዓት ጀምሮ መጠጣቱን አምኗል» የሚል ነው።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። አራት ሰዓት ያህል ያመሸ ሰው በወረቀት ላይ አሥር ሰዓት ሙሉ ሲጠጣ የዋለ ሆኗል፤ «ሁለት ብርጭቆ» ካሉት ጋር ሲነበብ ደግሞ ውሸታም ያስመስልዎታል። ማሽኑ ያመለከተውን 0.11 አይለውጠውም፤ ዳኛው ስለ እርስዎ የሚይዘውን ሥዕል ግን ይለውጣል። ከጠበቃዎ ጋር ሲገናኙ የዚያን ምሽት ሰዓቶች በሙሉ፣ የደረሱበትን፣ ከቤቱ የወጡበትን፣ ለዘመድዎ የደወሉበትን፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፈው ይውሰዱ፤ ክርስትናው የተጠራበት የጥሪ ካርድ ካለም ሰዓቱ ስለሚኖርበት አብረው ያያይዙት። በችሎት ቀን ደግሞ እንግሊዝኛዎ ምንም ያህል ቢሠራልዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሰዓት በተጠራ ቁጥርም «ከምሽቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን ሳይጨምሩ አይናገሩ።